የ2013ቱ ሊግ፦ ዋንጫው ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ?

ካምቦሎጆ ናፋቂ (ክሩን የከፈተ፣ በ2017)

ትናንት ምሳ ላይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር የጀመርነው ክርክር ነው። ምሳው አለቀ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። ስለዚህ ወደዚህ አመጣሁት።

በ2013 የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ወሰደ። እሺ፣ ይውሰድ። ግን ያን ዓመት እስቲ መለስ ብላችሁ አስቡት። ከዚያ በፊት 16 ክለብ ነበረን፤ ያን ዓመት 13 ሆነ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። በሜዳህ፣ ከሜዳህ ውጭ የሚባል ነገርም ቀረ። ሁሉም ክለብ ሻንጣውን ይዞ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ መጨረሻ ላይ ሐዋሳ ዞረ። በኮሮናው ሰበብ ስታዲየሙ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። አሰልጣኙ ሲቆጣ በቴሌቪዥን ይሰማ ነበር እኮ! ተጫዋቹ መልሶ ሲያጉረመርም ሳይቀር።

ጥያቄዬ፦ እንዲህ ባለ ዓመት የተወሰደ ዋንጫ እንደ ሌላው ዋንጫ እኩል ይቆጠራል?

አንድ ነገር ልናዘዝ። የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ፣ ስለዚህ ጥያቄዬ ውስጥ ትንሽ ቅናት አለ። ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ካምቦሎጆ (አዲስ አበባ ስታዲየም) ስገባ ኖሬ፣ የሁሉንም ክለብ ጨዋታ ለማየት የበቃሁት ያን ዓመት ነው። ሶፋ ላይ ሆኜ። ሊጉ ዲኤስቲቪ ላይ ገና መግባቱ ነበር። ከዚያ በፊት ወላይታ ድቻ እንዴት እንደሚጫወት የማውቀው አዲስ አበባ ሲመጡ ብቻ ነበር። እና ያን ዓመት ልውደደው ወይስ ልጥላው፣ እስካሁን አልለየልኝም።

ዐፄ ከአዘዞ

ጎዶሎ አልከው? እንዴት አባቱ!

ስማ ወንድሜ። በ2011 ዋንጫው በመጨረሻው ቀን ነው ከእጃችን ያመለጠው። በ2012 ሊጉ 17 ሳምንት ከሄደ በኋላ ኮሮና መጣና ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም የለም ተባለ። ያኔም ከፊት ከሚሮጡት ነበርን። እንግዲህ በ2013 የተወሰደው ዋንጫ የአንድ ዓመት አይምሰልህ። የሦስት ዓመት ውዝፍ ነው።

ቡድኑን ደግሞ አስታውሱት። በረኛችን ሚኬል ሳማኬ። ከፊቱ አምበላችን ያሬድ ባዬ። መሃል ላይ ሱራፌል ዳኛቸው ኳሷን እያባበለ፣ ሽመክት ጉግሳ በመስመር እየበረረ፣ ሙጂብ ቃሲም ጎሉ አፍ ላይ ቆሞ እየጠበቀ። አሰልጣኛችን ሥዩም ከበደ ጩኸት አያበዛም፣ ቡድኑም እንደሱ ነበር። አንድ ለዜሮ መርቶ የሚተኛ ቡድን። ይኼ ስድብ አይደለም፣ ምስጋና ነው።

ደጋፊ አልነበረም ትላለህ። ለእኛ ብቻ ነበረ እንዴ? ሁሉም በባዶ ሜዳ ተጫወተ። እኛ በለጥን።

ቡና በጀበና

ዋንጫውን ውሰዱት፣ አንጣላም። ያ ዓመት ግን የፋሲልም አይደለም፣ የማንም አይደለም። የቡናችን አጥቂ የአቡበከር ናስር ነው። 29 ጎል! ዮርዳኖስ ዓባይ በ1993 ያስቆጠረው 24 ጎል ሃያ ዓመት ሙሉ ሪከርድ ሆኖ ቆይቶ፣ የኛ ልጅ መጥቶ በአምስት በለጠው። ዕድሜው ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር እኮ።

የፈረስ ጉልበት

ፔናልቲውን ቀንሱለትና እንነጋገር 😂

ቡና በጀበና

ፔናልቲ ከሰማይ ይወርዳል እንዴ? ሳጥን ውስጥ ገብቶ፣ ተከላካይ አታሎ፣ ተጠልፎ ወድቆ ነው የሚያገኘው። ተነስቶ መሬቱን አራግፎ ደግሞ ራሱ ይመታል። የናንተ የጊዮርጊሶች አጥቂዎች ያን ዓመት ሳጥኑን በካርታ ነበር የሚፈልጉት።

ጋሽ ቆጣሪ

ልጆች፣ ቁጥር ስትጠሩ ቀስ በሉ። የዮርዳኖስ 24 ጎል እውነት ነው፣ ያኔ ኤሌክትሪክ ዋንጫውን የወሰደ ዓመት ነው። ነገር ግን እስከ 2013 አልቆየም። በ2009 ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማሊያ 25 አስቆጥሮ አልፎታል። አቡበከር የሰበረው የጌታነህን ነው።

ይኼ የአቡበከርን ነገር አያሳንሰውም፣ ያገዝፈዋል እንጂ። ጌታነህ 25ቱን ያስቆጠረው 16 ክለብ በነበረበት ዓመት ነው። አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርግ ነበር። በ2013 ግን 13 ክለብ ስለነበር የአንድ ክለብ ጨዋታ 24 ብቻ ነው። ጨዋታው በስድስት ቀንሶ ጎሉ በአራት ጨመረ። ክለቡ ካደረገው ጨዋታ ብዛት የእሱ ጎል ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር በኛ ሊግ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ 13ቱም ካነሳን አይቀር። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፍ ነበር። በ26 ሳምንት ውስጥ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ አርፏል። በጠቅላላው 156 ጨዋታ ነው የተደረገው። እኔ ሁሉንም ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። ባለቤቴ ደብተሩን የዕቁብ ሒሳብ መስሏት ለሁለት ቀን አኩርፋኛለች።

ቡና በጀበና

ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ልክ ነው። የጌታነህን ረስቼው ነው። ይቅርታ።

ቀዮ ከመርካቶ

የናንተ ሶፋ ይመቻል። እኔ ያን ሰሞን ጨዋታ የማየው ሰፈራችን ካለው ዲኤስቲቪ ቤት ነበር። ቡናና ሐዋሳ እየተጫወቱ፣ ጨዋታው ጦፎ፣ ሰባ ምናምነኛው ደቂቃ ላይ ባለቤቱ ሪሞቱን አንስቶ ወደ እንግሊዝ ቀየረው። አርሰናል ሊጀምር ነው አለ። ጮህን። ሂሳባችሁን እመልሳለሁ አለ። አልመለሰም። ውጤቱን ማታ በስልክ ነው ያወቅኩት።

ሊጋችን ቲቪ ላይ ወጣ፣ እሰየው። ግን እዚያው ቲቪ ላይ ከነማን ጋር እንደሚጋፋ ማንም አላሰበበትም።

አባ ጅፋር ሰፈር

ስለ ዞሮ ዞሮው የከተማ ነገር ላውራ፣ ምክንያቱም ጅማ ነው ያለሁት።

አሥራ ሦስት ክለብ አንድ ከተማ ሲገባ አስቡት። ሆቴሉ ሁሉ ማሊያ በማሊያ ሆነ። ጠዋት ቡና ልጠጣ ስወጣ ባለፈው ቀን ሲጠላለፉ ያየኋቸው ሁለት ተከላካዮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ይሳሳቃሉ። ወላይታ ድቻ ሲለማመድ የሲዳማ ልጆች ቆመው ያያሉ። አሰልጣኞቹ እርስ በርስ መደባበቂያ አጡ። ለከተማው ሰው ሠርግ ነበር። እንግዳው በዝቶ ገንዘብ ገባ። ለክለቦቹ ግን የሆቴል ሒሳቡ ራስ ምታት ነበር። የተጫዋች ደመወዝ የሚያዘገይ ክለብ ወር ሙሉ ሆቴል ሲከፍል ምን ይሆናል? ስም አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ሜዳውም ተጎዳ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ጨዋታ አንድ ሳር ላይ። ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ይጀመራል፣ ከሰዓት ሌላው ይከተላል። በረኛው የሚቆምበት ቦታ ሣር ነበረው ብትሉኝ አላምንም።

አሁን የሚያስቀው፣ ወይም የማያስቀው፣ ይኼ ነው። ሊጉ እቤታችን ድረስ መጥቶ፣ የኛው አባ ጅፋር ግን ያን ዓመት ከታች ሦስቱ ውስጥ ጨረሰ። በ2010 ከታችኛው ሊግ እንዳደግን ያንኑ ዓመት ዋንጫ የወሰድን ሰዎች! ለዚያውም ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነን፣ በጎል ልዩነት።

የፈረስ ጉልበት

ያን አታንሳው በናትህ።

ጋሽ ቆጣሪ

ይነሳ እንጂ። ያን የጅማ ቡድን የሠራው ገብረመድኅን ኃይሌ ነው። በቀጣዩ ዓመት መቐለ ሄዶ እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። በሁለት ዓመት ሁለት የተለያየ ክለብ፣ ሁለቱም በታሪካቸው የመጀመሪያው ዋንጫ። ዘንድሮ በ2017 ኢትዮጵያ መድንን ይዟል፤ ዓይናችሁን ከሱ ላይ አትንቀሉ።

በነገራችን ላይ ከታች ሦስቱ ጅማ፣ ወልቂጤና አዳማ ነበሩ፣ ግን ሦስቱም አልወረዱም። ክረምቱን ሐዋሳ ላይ የማሟያ ውድድር ተደርጎ፣ ከከፍተኛ ሊጉ (ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው) ክለቦች ጋር ተፎካክረው ቦታቸውን መልሰው ያዙ። በ2014 ሊጉ 16 የሞላው እንዲህ ሆኖ ነው።

ካምቦሎጆ ናፋቂ

ይኸው! ጋሼ ራሳቸው አመጡልኝ። ወራጅ የሌለበት ሊግ ምን ሊግ ነው?

ጋሽ ቆጣሪ

በቃ ወረዱ ተብለው፣ ደግመው ተፈትነው ነው የተመለሱት። ያንተ ክለብ ሁለቴ ተፈትኖ ያውቃል?

ጣና ዳር

ካምቦሎጆ ናፋቂ፣ ሁሉንም ከኪሳራው በኩል ብቻ ነው የምታየው። ዋልያዎቹ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ። እዚህ ባሕር ዳር ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲረቱ ከቡድኑ አብዛኛው ከሊጉ የተመረጠ ልጅ ነበር። አቡበከር ከቡና፣ ሱራፌልና ሽመክት ከፋሲል። አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ተጫዋች ለመምረጥ አገር ለአገር መዞር አላስፈለገውም፤ ሁሉም አንድ ከተማ ውስጥ ተሰብስበው ነበር።

ከዚያ አቢጃን ላይ ያየነው ጉድ! 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ታሞ ወደቀ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ቆመ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ዳር ተሰብስበው የኒጀርና የማዳጋስካርን ውጤት በስልክ ይጠባበቃሉ። 0 ለ 0 አለቀ ሲባል እኔ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነው የጨፈርኩት። ጎረቤት መጥታ ሰላም ነው ወይ አለችኝ።

ያ ቡድን ከየት መጣ? ከዚያው ጎዶሎ ከምትለው ሊግ።

ቡና በጀበና

እኔ ደግሞ የአሰልጣኛችንን የካሳዬ አራጌን ቡና ሳላነሳ አልሄድም። ኳስ ከበረኛ ተነስቶ፣ በእግር በእግር፣ ዝም ብሎ ወደፊት የማይለጋ ቡድን። ግማሹ ደጋፊ የልብ ሕመም ያዘው። በረኛው ኳሷን ይዞ የተጋጣሚ አጥቂ ሲመጣበት አባቴ ፊቱን በጋቢ ይሸፍናል። "አለፈ?" ይለኛል። አለፈ እለዋለሁ። ገለጥ ያደርጋል። አንዳንዴ ግን አላለፈም ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር። በዚያ መንገድ የተቆጠረብንን ጎል ጋሽ ቆጣሪ ይቁጠሩት።

ሆኖም ሁለተኛ ሆነን ጨረስን፣ ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕም ገባን። ባዶ ስታዲየም ለካሳዬ ኳስ ሳይጠቅመው አልቀረም ብዬ አስባለሁ። ካምቦሎጆ ሞልቶ ቢሆን በረኛው ኳሷን ሦስት ሰከንድ እንደያዘ "ምታው!" ብለን አገር እናፈርሳለን። ማንም አልጮኸበትም። ልጆቹ ረጋ ብለው ተማሩ። ይኼን የምለው ከጩኸቱ ውስጥ ግንባር ቀደሙ እኔ ስለሆንኩ ነው።

ካምቦሎጆ ናፋቂ

ይኼ አሳማኝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቡና ደጋፊ ቁም ነገር ሰማሁ። ቀኑን ልመዝግበው።

ግን እናንተ ሁላችሁ አንድ ነገር ዘላችሁ ነው የሄዳችሁት። እኔ ዋንጫው አይገባቸውም አላልኩም። ሊግ ማለት ምንድነው ነው ያልኩት። ሊግ ማለት ፋሲል ሶዶ ሄዶ ሲሰደብ፣ ድቻ ጎንደር ሄዶ ሲበርደው ነው። አውቶቡስ ውስጥ አሥር ሰዓት ተቀምጦ፣ ደክሞት ደርሶ፣ የሰው አገር ሰው እየጮኸበት አንድ ነጥብ ለቅሞ መመለስ። ያ የሌለበት ነገር ውድድር ነው፣ አዎ። ሊግ ነው ወይ?

ዐፄ ከአዘዞ

አሁን የተናገርከው አጥንቴን ነካው። ምክንያቱን ልንገርህ።

ሻምፒዮን የሆንነው ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳናደርግ ነው። አንድም። ዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ጅማ ደርሶታል፣ ድሬ ደርሶታል፣ ሐዋሳ ደርሶታል። ለኛ የቀረበው ባሕር ዳር ነው፤ እዚያም በሩ ዝግ። በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ መጥቶ፣ የሚያመጡትን ልጆች ሲጫወቱ በዓይኔ አላየኋቸውም። ዋንጫውን ያየሁት ከተማ ሲገባ መኪና ላይ ነው። ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር፣ እኔም ጮህኩ፣ ድምፄ ሦስት ቀን ጠፋ። ግን ውስጤ የሆነ ነገር ነበር። ድግሱ ላይ ተጠርተህ ምግቡ ካለቀ በኋላ እንደ መድረስ።

በ2014 መጀመሪያ በቻምፒዮንስ ሊጉ የሱዳኑ አል ሒላል ደረሰን። አሁን እንኳ በሜዳችን ብለን ጠበቅን። ባሕር ዳር ነው ተባለ። 2 ለ 2። ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1። ሳንሸነፍ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ወደቅን። የኛ "ሜዳ" ተብሎ የተቆጠረው ጎንደር እንኳ አልነበረም። ሕጉን ያወጣው ሰው እኔን አያውቀኝም እንጂ...

ስለዚህ ጎዶሎ ነው ካልክ፣ ለኔ ጎደለብኝ። ዋንጫው ግን አልጎደለም። ሁለቱን ለያይልኝ።

ምዓም አናብስት

ክሩን ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነበር። ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ቆየሁ።

የመቐለ 70 እንደርታ ደጋፊ ነኝ። የ2011 ሻምፒዮን እኛ ነን። የ2012ቱ ስለተሰረዘ፣ 2013 ሲጀመር በእጁ ዋንጫ ያለው ክለብ የኛ ነበር። ሊጉ ሻምፒዮኑን ሳይዝ ነው የተጀመረው። ካምቦሎጆ ናፋቂ በሁለት መስመር አልፎታል፣ አልተቀየምኩም፣ ከዚያ በላይ ለማለት ይከብዳል።

ስለ ዲኤስቲቪ ቤት ስታወሩ ሳቅኩ። እኛ ጋ ያን ዓመት ብዙውን ጊዜ መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። ፋሲል ዋንጫ መውሰዱን የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ አንድ ልጅ ነገረኝ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? "ለካ ሊጉ ነበር" ነው ያልኩት። ኳስ የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼው ነበር።

ከኛ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ክለብ ገቡ። በኋላ ቲቪ ላይ በሌላ ማሊያ ሳያቸው ሰላም ናቸው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጎል ሲያገቡ በማን ላይ እንደሆነ እንኳ አላይም።

ዋንጫው ሙሉ ነው ወይ ለሚለው፦ ሜዳ ላይ የተገኘውን የረታ ሻምፒዮን ነው። ፋሲል ያልመጣን ቡድን ማሸነፍ አይችልም። የጎደለው ሌላ ነው።

ዐፄ ከአዘዞ

ወንድሜ፣ ምን እንደምልህ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር በ2011 በመጨረሻው ቀን ዋንጫውን ስትወስዱብን እናንተን ያህል የጠላሁት ቡድን አልነበረም። በ2013 ስናሸንፍ ደግሞ፣ እነዚያን ሰዎች ሜዳ ላይ ረትቼ ቢሆን ብዬ ቆጨኝ። ቂሜን የምወጣበት ሰው አጣሁ። እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ምዓም አናብስት

ይገባኛል። እኔም በናንተ ላይ ልፎክር ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ባክኖ ቀረ።

የፈረስ ጉልበት

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሳደብበት ነገር አጣሁ።

ጋሽ ቆጣሪ

ለማሟላት ያህል፦ ሦስቱ ክለቦች ከ2013 እስከ 2016 ድረስ በሊጉ አልነበሩም። አራት የውድድር ዘመን ማለት ነው። ዘንድሮ በ2017 ሦስቱም ተመልሰዋል። በደብተሬ የ2013 ገጽ ላይ ሦስት መስመር ባዶ ትቻለሁ። ያኔ ለምን እንደተውኩት አላውቅም ነበር፤ ገጹ ያስቀይማል ብላ ባለቤቴ ልታሰምርበት ስትል ከለከልኳት።

ካምቦሎጆ ናፋቂ

የክሩን ርዕስ ልቀይረው ሞከርኩ፣ አይፈቅድም። እንዳለ ይቅር።

ቀዮ ከመርካቶ

አንድ ነገር ብቻ። ያ ሰውዬ አሁንም ሪሞቱን አልለቀቀም። ገንዘቤንም አልመለሰም።

ዐፄ ከአዘዞ

ምዓም አናብስት፣ ዘንድሮ ሁለተኛው ዙር ላይ ስንገናኝ ና። ጎንደር እንግዳ ሆነህ ትመጣለህ፣ ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። ከጨዋታው በኋላ እንደምሰድብህ ግን ከወዲሁ እወቀው።

ምዓም አናብስት

ጎንደር የሊግ ጨዋታ መች አለ? አሁንም ክለቡ ሁሉ አንድ ከተማ ተሰብስቦ አይደል የሚጫወተው?

ዐፄ ከአዘዞ

ኧረ እውነትህን ነው። ረስቼው እኮ ነው።

ምዓም አናብስት

በል ፕሮግራሙ ሲወጣ ከተማውን ጻፍልኝ። የትም ይሁን፣ አውቶቡስ እይዛለሁ።